የመቶ አለቃው የመጨረሻ ሹመት

እኔ የመቶ አለቃ ሰይፈሚካኤል ዓባይ፣ ካርቱም አርካዊት በሚገኘው ቤቴ፣ ዛሬ ሰኔ ፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም. በነፍስ አባቴ በመምሬ ተስፋጽዮንና በጎረቤቴ በሬሕማ ፊት ይህን ተናዝዣለሁ። እግሮቼ ከድተውኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ተኩሱ ጋብ ያለው ለጊዜው ነውና ጸሐፊዬ፣ የእህቴ ልጅ ሉሊት፣ ፈጠን ብላ ትጻፍ።

ከወንዙ ማዶ በባሕሪ ያለው የብየዳ ሱቄ፣ ካልተዘረፈ፣ ለልጄ ለገዛኸኝ ይሁን። የወታደር ቀበቶዬን ግን አልሰጠውም። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ እሱን ታጥቆ በግቢው ሰው ላይ ሲጮህ ሰንብቷል፤ ጩኸት ሹመት መስሎታል።

ቀበቶዬ እዚሁ ከጎኔ ለተቀመጠው ለሰብስቤ ይሁን። በ፲፱፻፹፫ ጦራችን ተፈትቶ ወደ ከሰላ ስንሸሽ እግሬን ተመትቼ መንገድ ዳር ወደቅሁ። ሻለቃዬ አየኝ፤ በስሜም ጠራኝ፤ ከዚያ በመኪናው አልፎኝ ሄደ። ተሸክሞኝ ድንበር የተሻገረው ተራው ወታደር ሰብስቤ ነው። ሻለቃውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ መምሬም ያውቁታል። ለልጆቼ ስነግራቸው የኖርኩትን አሁንም አስጽፋለሁ፦ ቁስለኛውን ጥሎ ያለፈ፣ ማዕረጉ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ አዛዥ አይባልም።

በዚህ ግቢ የተጠለላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ገዳሪፍ ትሄዳላችሁ። መሪያችሁ ልጄ ህሊና ናት። ውኃ ሲጠፋ ሁሉን አጠጥታ እሷ መጨረሻ ስትጠጣ አይቻለሁ። ከበር ሳትወጣም ሬሕማን «የትኛው ሻሪዕ ክፍት ነው?» ብላ መንገዱን ትጠይቃለች፤ የማታውቀውን አውቃለሁ አትልም። ገዛኸኝ ቢከፋውም ይታዘዛት። ሥልጣኔን ሁሉ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ አስረክቤያታለሁ።

እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ለእኔ ስትሉ ብትዘገዩ ሁላችሁም ታልቃላችሁ። ሬሕማ ከግቢዬ ጥግ፣ ከሎሚው ሥር ልታስቀብረኝ ቃል ገብታልኛለች። ፍትሐቱን መምሬ ገዳሪፍ ሲደርሱ ያድርሱልኝ። ልጆቼን ዳግመኛ አለማየቴ ያንገበግበኛል፤ ይህም ይጻፍ።

ጸሐፊዋ የጨመረችው፦ ተናዛዡ ይህን እንደተናገሩ ህሊና ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ኻላስ፣ በቃ አባባ፣ ሥልጣኑን አስረክበሃል?»

«አስረክቤያለሁ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያ ትዕዛዜ ይጻፍ። አልጋውን እናነሣለን። ገዛኸኝ በራስጌ፣ እኔና ሉሊት በግርጌ።»

«እኔን ተሸክማችሁ አትደርሱም፣ ልጄ።»

«ላንደርስ እንችላለን» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «ሻለቃህን ግን አልሆንም።»

ገዛኸኝ ራስጌውን ያዘ። ሰብስቤ በወረሰው ቀበቶ ተናዛዡን እንዳይወድቁ ከአልጋው ጋር አሰራቸው። እኔም የአልጋውን እግር ለመያዝ ብዕሬን ስለማስቀምጥ ኑዛዜው እዚህ ላይ አብቅቷል።

ምስክሮች፦ መምሬ ተስፋጽዮን (ፊርማ)፣ ሬሕማ (የጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ ሉሊት (ፊርማ)

ተናዛዥ፦ ሰይፈሚካኤል ዓባይ፤ ከፊርማቸው በላይ በገዛ እጃቸው «ታዝዣለሁ» ብለው ጽፈዋል።