ሻሼ የቀደደቻቸው ወረቀቶች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ዛሬም አልተጫወተችም። ክር ጎተትኩላት፤ አየችኝና ዐይኗን ጨፈነች። ድሮ ከዚራ ሰፈር ልብስ የማጥብላቸው እመቤቶችም እንዲህ ነበር የሚያዩኝ።

ሻሼ የልጄ የደረጀ ድመት ናት። ነጭ ስለሆነች ስሙን እሱ ነው ያወጣላት። እሱን ለውትድርና ሁርሶ ማሠልጠኛ ከወሰዱት ሁለት ወር አለፈው። ከዚያ ወዲህ አጥፎ ትቶት በሄደው ሸሚዝ ላይ ተኝታ ትውላለች። ወተት ስሰጣት ግማሹን ትተወዋለች። የጎድን አጥንቷ በእጅ ይቆጠራል።

ጎረቤቴ አሚና እሑድ እሑድ ሁርሶ በር ላይ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባለፈው እሑድ በአጥሩ በኩል አግኝታው ነበር። "ሻሼ ትጫወታለች ወይ በያት። መልሱን ደግሞ እማ ራሷ በእጇ ትጻፍልኝ" ብሏታል። አሚና ይህን ነግራኝ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። "አቦ ዘነቡ፣ በዚህ ሰሞን ወደ ሰሜን ይጭኗቸዋል እያሉ ነው። ለመጪው እሑድ አድርሺልኝ።"

ስለዚህ እስከ እሑድ ነው ያለኝ። ትጫወታለች ብዬ ብጽፍ ማን ያየኛል? ግን በአምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ውሸት ልጽፍበት አይደለም። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዛሬ ለሻሼ ያቀረብኩላት ዕቃ፦

ክሩ ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ።
የለስላሳ ቆርኪ፣ በሲባጎ አስሬ።
የክብሪት ቀፎ፣ ሽምብራ ጨምሬበት።
የልብስ መቆንጠጫ።
ከአሚና ዶሮ የወደቀ ላባ።

ቆርኪውን አሸተተችው። ክብሪቱ ሲንኳኳ ጆሮዋን አዞረች፣ አንዱን ብቻ። ላባው ላይ አስነጠሰች። ይኸው ነው።

አሚና በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር ለካ። ሳቋ ነው ያስደነገጠኝ። "ያ አላህ! ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራት ሴትዮ ለድመት ተንበርክካ!"

"ሂጂ ዘይትሽ እንዳያርርብሽ" አልኳት።

"የኔ ዘይት አያርርም። አንቺ ግን ማጫወት አታውቂበትም። ስትወረውሪ ለመምታት ነው የምትወረውሪው። እሷም ገብቷታል፣ ወላሂ።"

ከሄደች በኋላ ቆርኪውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የወረወርኩትን ሁሉ አሰብኩ። ጫማ፣ ጣሳ፣ እርጥብ ፎጣ። ሳልቆጣ የወረወርኩት አንድ ነገር አጣሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሰው ያለበት አይመስልም። ሱቁ ይዘጋል። የጋሪው ፈረስ እንኳ እንደቆመ ያንቀላፋል። ደጃችን ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባውን አሸዋው ላይ ያለ ድምፅ ያረግፋል። ወለሉን ውሃ ረጨሁና ጋደም አልኩ።

በሕልሜ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አየሁ። የሚወርደው ግን ውሃ አልነበረም፣ ነጭ ልብስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩት አንሶላና ሸሚዝ ሁሉ በአሸዋው ላይ ቀስ ብሎ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። ዳር ቆሜ የራሴን ልብስ እፈልጋለሁ። የደረጀ አባት ወደ ጅቡቲ የሄደ ዕለት የለበሰው ሸሚዝም አለፈ። እንዲቆምልኝ አልጠራሁትም። ያኔም አልጠራሁትም።

ጭር ጭር የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሻሼ ሣጥኑ አጠገብ በኋላ እግሯ ቆማ ወረቀቱን በጥፍሯ ትቧጥጣለች።

የወረቀቱን ነገር ልጻፈው። ዐምና በቀበሌ መሠረተ ትምህርት ስማር ፊደሉ አልያዝ ብሎኝ አለቀስኩ። ደረጀ ደብተሩን ቀደደና የየዕቃውን ስም በእርሳስ ጽፎ በዱቄት ሙጫ ለጠፈልኝ። በር። ሣጥን። ባልዲ። ሳፋ። ካውያ። መስተዋት። ሁሉም ላይ። "እማ፣ ዕቃውን ስትነኪ ስሙን አንብቢ" አለኝ። እንዲያ ነው የተማርኩት። እየተኮስኩ፣ ካውያ የሚለውን እያነበብኩ።

ሙጫው ደርቆ የወረቀቱ ጫፍ ተነሥቷል። ነፋስ ሲገባ ያርገበግበዋል። እሷ ያን አይታ ነው። አንድ ጊዜ ዘለለችና የደረጀን ጽሑፍ እኩሉን ይዛው ወረደች።

ጮኽኩ። ነጠላ ጫማዬን ወረወርኩ። አልጋ ሥር ገባች።

የተቀደደውን ይዤ ከቆየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ያ እኮ ጨዋታ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ከአልጋው ሥር አልወጣችም። ወተቱንም አልነካችም።

ዐሥራ ስምንት ወረቀት ቀርቶኛል። እየዞርኩ አነበብኳቸው። የእሱ እጅ ነው፣ ጠንካራ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ። ወደ ሰሜን ሄዶ ባይመለስ የእጁ ጽሑፍ ያለኝ ይኸው ብቻ ነው። ይህን ለድመት ልስጥ? ካልሰጠሁ ደግሞ ለእሑድ ምን ብዬ ልጻፍለት?

አሚና ለአንድ ድመት ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ አለችኝ። አልነገርኳትም። እዚህ ግን ልጻፈው፣ ደብተሬን የሚያይ የለም።

ደረጀ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከማጥበው ልብስ ውስጥ የሰው ካልሲ ወስዶ ጨርቅ ጠቀጠቀበትና ኳስ ሠራ። የሰው ዕቃ ነው፣ ሌባ ልባል ነው ብዬ ከእግሩ ሥር ነጥቄ ማጠቢያ ውሃ የማሞቅበት እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አላለቀሰም። ቆሞ እስኪያልቅ አየው። ከዚያ በኋላ እኔ ፊት ሲጫወት አይቼው አላውቅም። በሩን ስከፍት ዝም ይል ነበር። አሁን ሻሼ እንደምታደርገው።

ያችን ድመት ያመጣት ካደገ በኋላ ነው። ከእሷ ጋር ሲጫወት በግድግዳው እሰማ ነበር። ስገባ ያቆማሉ፣ ሁለቱም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጠዋት መላ መጣልኝ። ሌላ ባላውቅ ማጠብ አውቃለሁ። በየወረቀቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረግሁ፤ ሙጫው እስኪለሰልስ ጠበቅሁ፤ ከጥጉ ጀምሬ ላጥሁት። አንድም አልተቀደደም። እርሳስ ስለሆነ አልለቀቀም። በሁለት ጨርቅ መሐል አድርጌ በለዘበ ካውያ ተኮስኳቸው። የደረጀ ጽሑፍ እንደ አዲስ ሆኖ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ከዚያ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ በራሴ እጅ ጻፍኩ። በር። ባልዲ። ሳፋ። ፊደሌ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ስለጥፍ ላይኛውን ጫፍ ብቻ ሙጫ ቀባሁት፣ ታቹ እንዲርገበገብ። እላይ ታች፣ በየቦታው። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩና ምንም አልወረወርኩም።

ነፋሱ በአሸዋው ወንዝ በኩል መጣ። ቤቱ ሁሉ ተንሾካሾከ። መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አንድ እግር። ሳፋው ላይ ያለውን ወረቀት መታችው። ተወዛወዘ። ደግማ መታችው። ከዚያ ከሳፋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ በር ትበር ጀመር። ነጭ ነገር በነጭ ወረቀት መሐል፣ የቱ ድመቷ እንደሆነች የቱ ወረቀቱ እንደሆነ እስኪጠፋኝ። ቁርጥራጩ አየር ላይ ይዞራል። ሕልም ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ እጄን ዘርግቼ አንዱን ቀለብኩ። የሆነ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። እኔ ነበርኩ።

ወተቷን ጨረሰች።

ሳይቀዘቅዝብኝ ደብዳቤውን ጻፍኩ።

"ለልጄ ለደረጀ። እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ሻሼ ዛሬ ተጫወተች። ከዛሬ በፊት አልተጫወተችም፣ አልዋሽህም። የጻፍክልኝን ወረቀት አንድ ቀድዳለች። ሌላውን አስቀምጬልሃለሁ። የካልሲውን ኳስ ያቃጠልኩ ዕለት አጥፍቻለሁ። ይህን ለመናገር ፊደል እስክማር ቆየሁ። እናትህ ዘነቡ።"

አጥፌ ለአሚና ሰጠኋት፤ ነገ ታደርስልኛለች።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ከቅዳሴ መልስ ምንም አልሠራሁም። አሚና የምትመጣበትን መንገድ ሳይ ዋልኩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዘንቢሏን ተሸክማ ብቅ አለች።

"አነበበው?"

"እስቲ ልቀመጥ፣ አቦ! ውሃ ስጪኝ።" ጠጣች። ሆን ብላ ነው ቀስ የምትለው። "ሁለት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ፊቱን ወዲያ አዞረ። እኔም ሳምቡሳዬን አየሁ፣ ምን ላርግ።"

"ምን አለ?"

"ምንም። ቁጭ አለና ጫማውን አወለቀ! አበደ ብዬ። ጠባቂው 'አንተ፣ በባዶ እግርህ ልትሰለፍ ነው?' እያለ ይስቅበታል። እንኪ፣ ወላሂ ዘንቢሌን አግምቶታል።"

ከዘንቢሉ ሥር አወጣችው። የወታደር ካልሲ፣ ሣር የተጠቀጠቀበት፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ድቡልቡል። ከደብዳቤዬ ጥግ ቀድዶ ትንሽ ወረቀት አንጠልጥሎበታል። በእርሳስ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ፣ አንድ ቃል ብቻ። ኳስ።

ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሚና ሻርፗን ዐይኗ ላይ አደረገች፤ አቧራ ነው አለች።

መቼ እንደሚሄዱ ጠይቃው ነበር። አልነገሩንም ብሏታል።

እሷ ስትሄድ ኳሱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሻሼ ከሸሚዙ ላይ ወረደች። አሸተተችው፣ ረጅም ጊዜ፣ ፊቷን አሻሸችበት። ከዚያ ወረቀቱን በጥፍሯ ያዘች። ይህን እንኳ ላስቀምጠው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ተመልሼ ሰበሰብኩት። ትቅደደው፣ ለመቀደድ የተላከ ነው።

ቀድዳ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ቀሚሴን ትንሽ ሰበሰብኩና ኳሱን በእግሬ መታሁት። በሩን አልፎ፣ ቀዩ አበባ ላይ ተንከባለለ፣ ሻሼ ከኋላው።

ደረጀ፣ እናትህ ኳስ መታች። ለመጪው እሑድ እጽፍልሃለሁ። እዚያው ቆየኝ።