የሙዳዩ ክዳን

ቆቦ፣ ጥቅምት 1967 ዓ.ም.

ውድ ተናኜ፣

«ውድ» ያልኩሽ አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን «ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል» ስላለን ነው። ሌላ ቃል ነበረኝ። ግን ወረቀቱን የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ሞላ ነው፤ መንገድ ላይ ከፍቶ ቢያነበው እንዳያፍር ብዬ ተውኩት።

ለመሆኑ የደሴ ብርድ ተስማማሽ? ጉንጭሽ ሞልቷል አሉ። እኔም አለሁ። አካላቴ ቢከሳም ምላሴ እንዳልከሳ ከዚህ በታች ታዪዋለሽ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ሞላ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ፣ አስካለ የምትባለዋ እኔ መሆኔን ጠይቆ፣ ተናኜ ክዳን ላኪልኝ ብላሻለች አለኝ። የምን ክዳን ብለው፣ «የሙዳይ ነዋ። ሦስት አራት ላኪልኝ፣ ደግሞ ለማንም አትንገሪ ብላለች» አለ። ከሄድሽ ዓመት አለፈሽ፤ የመጀመሪያ ቃልሽ ይኸው ነው። ስንት ጊዜ ከገበታዋ የበላሽላትን እናቴን እንኳ «እንዴት ናት» አላልሽም። ክዳን!

አንቺ ክዳን አይሆንልሽም። ከእኔና ከአንቺ በቀር ይህን ማን ያውቃል? በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ስንደዶና አክርማ ቆርጠን፣ አለላችንን በየቀለሙ ነክረን፣ ከእናቴ ግድግዳ ጥላ ሥር ወስፌያችንን ይዘን ስንቀመጥ፣ ሁልጊዜ ሆዱን አንቺ፣ ክዳኑን እኔ ነበርኩ የምንሰፋው። አንቺ ክዳን ስትሞክሪ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ያንዱን ዓመት ክዳንሽን ለዶሯችን ባርኔጣ አድርጌላት ሰፈሩን ስትዞርበት የዋለችው ትዝ ይልሻል? ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። ስንታረቅ ደግሞ የጥርስ መፋቂያሽን ሬት ቀብቼ አቀበልኩሽ፤ እየተፋሽ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ አባረርሽኝ። ዕድሜዬን ሁሉ እያታለልኩሽ ኖርኩ። አንቺ ያታለልሽኝ አንድ ጊዜ ነው። የእኔ ሁሉ ቢደመር ያንቺን አንዷን አያክላትም።

ባለፈው ዓመት መስከረም የሚቆረጥ ሣር አልነበረም። ሰማዩ ከጨከነ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። የጣራችንን ሣር ነቅለን ለላሟ አብልተናት፣ ላሟም ሞታብን፣ ከውስጥ ተኝተን ሰማይ እናይ ነበር። ከቆላው የወጣው ሰው የመኪናውን መንገድ ግራና ቀኝ ሞልቶታል። በዚያ መሃል ነው ወሬው የመጣው፦ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የምትባል ደሴ ሆቴል ያላት ሴትዮ በመኪና መጥታለች፣ ስፌት የሚያውቁ ልጆች ትፈልጋለች፣ አብልታ ታሳድራለች፣ ለቤተሰብም እህል ታስይዛለች። ግን የታመመ ፊት አልይ ብላለች። «ወይ ሁለታችን ወይ ማናችንም፣ በማርያም» ብለሽ የማልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላስማልኩሽም።

ለናሙና የሚሆን ሙዳይ ለመስፋት የእናቴን ሰፌድ ፈታነው። ጎረቤት ሲገረም እናቴ «ይፍቱት፤ ምን ሊበጠርበት ነው?» አለች። ከእሱ በወጣው ስንደዶ አንቺ ሆዱን፣ እኔ ክዳኑን ሰፋን። ከዚያ ፊታችን ቀረ። እኔ መጀመሪያ አንቺን ላሳምርሽ ተስማማን። ቅቤ ከየት ይምጣ? ከአጥሩ ሥር ጉሎ ለቅሜ፣ ቆልቼ ወቅጬ፣ በዘይቱ ፀጉርሽን አርሼ ሹሩባ ሠራሁሽ። ቀሚስሽን በእንዶድ አጠብኩልሽ። የተሰነጠቀ ተረከዝሽን ሬት ቀባሁት፣ በዚያ ቀን ለቀልድ አልነበረም። ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፍቄ ኳልኩሽ። ከራብ ቤት ሳይሆን ከክርስትና ድግስ የወጣሽ መሰልሽ። ራቅ ብዬ አይቼሽ፣ «ይቺን ልጅ እኔም እቀጥራታለሁ» ስልሽ ሳቅሽ።

ተራው የእኔ ሲሆን እጄን ያዝሽና አገላበጥሽው።

«አስኩ፣ ሴትዮዋ እጅ ነው የምታየው። ይህ እጅ አይሆንም። ከዳገቱ ምንጭ ሥር እንሶስላ ቆፍረሽ አምጪ፤ ስትመጪ ፀጉርሽንም እሠራሻለሁ። መኪናው የሚሄደው ነገ ነው።»

ነገ አልሽኝ። ወጣሁ። በየድንጋዩ እያረፍኩ፣ ስመለስ ምን ብዬ እንደማበሽቅሽ እያሰብኩ ወጣሁ። ምንጩ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ግን እንሶስላው አልሞተም። በጥፍሬ ጭሬ አወጣሁት። ስወርድ ከሰፈር አንድ ሰው ተናኜን ሸኘሻት ወይ አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ እኔ ዘንድ ብቻ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ሙዳዩንም ይዘሽው ሄደሻል፤ ሆዱንም፣ ክዳኑንም።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? ተቀምጬ እንሶስላውን ሞቅሁት። ንዴት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ሥሩን ወቅጬ፣ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ዋልኩ። ስፈታው እጄ እንደ ሙሽራ ቀልቷል። እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ «የኔ ዓለም፣ ማን ሊያገባሽ ነው?» አለችና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሳቋን አልሰማሁም።

በማግስቱ እህል ይታደል ነበርና ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ጨርቄን ዘርግቼ እጄን ስሰድ፣ የሚያድለው ሰውዬ እጄን አየና «ሙሽሪት፣ አንቺ ከድግስሽ ብይ። ይህ ለተራበ ነው» አለኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። አቃተኝ እንጂ እኔም ልስቅ ነበር፤ የእኔ ዓይነት ቀልድ ነው። ላስረዳው ስል ከኋላዬ ያሉት ገፍተው አወጡኝ። እንሶስላ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ብትፈገፍጊው አይለቅም። በአመድም፣ በአሸዋም ሞከርኩ፤ ቆዳዬ ለቀቀ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ሌላ ቀን እትዬ ኡሙልኸይር፣ የጎረቤታችን የዚነት እናት፣ ሻሿን ቀድዳ ሁለት እጄን ጠቀለለችልኝና ይዛኝ ሄደች። «እሳት በልቷት ነው፣ አላህ ይይልህ፣ ስፈርላት» አለችው። ሰፈረልኝ። ይዤ ቤት ስገባና አጥሚት አድርጌ ስሰጣት፣ እናቴ መዋጥ ትታለች።

በዚያች በተባረርኩባት ቀን ብትቀምስ ትተርፍ ነበር አልልሽም። አላውቅም። አለማወቄ ነው ያቃተኝ።

እንዲህም ሆኖ፣ እውነቴን ነው፣ አንቺን ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነበር። ቦታው ለአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ነው፣ ራብ ነው፣ እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ። ሞላ ነው የመጨረሻዋን የነገረኝ፣ ደግ ነገር የነገረኝ መስሎት። ያኔ ሴትዮዋን ይዟት የመጣው እሱ ነበር፤ ተናኜ ሙዳዩን ስታሳያት መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከፍታ ዘግታ፣ ገልብጣ አየችውና፣

«ይህ የሁለት ሰው እጅ ነው። ሆዱን የሰፋችው ታጠብቃለች፣ ክዳኑን የሰፋችው ትጫወትበታለች። ሌላዋ የት አለች? ሁለታችሁንም እወስዳችኋለሁ» አለች።

አንቺም «ሌላ የለችም። ሁለቱንም እኔ ነኝ የሰፋሁት» አልሽ።

ሁለታችንንም ነበር የምትወስደው። ቦታ ነበረኝ፣ ተናኜ። ለእናቴም እህል ነበራት። እኔ ዳገት ላይ አንቺ ብለሽኝ ጭቃ ስጭር አንቺ እዚያው ቆመሽ «የለችም» አልሽኝ። ለምን? ሳስብ ሳስብ አጣሁት። ከእኔ አጠገብ ሳቅ ሁልጊዜ ባንቺ ላይ ስለሚሆን ነው? ዶሮዋን ነው? በዶሮ ባርኔጣ ይህን ያህል ይከፈላል?

ዘንድሮ ዘነበ። ሜዳው ስንደዶ አብቅሏል፣ አክርማውም ደህና ነው። ብቻዬን ቆርጬ፣ ብቻዬን ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ አንድ ክዳን ሰፋሁልሽ። አንድ ዙር ላጠብበው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የእጅሽን ልክ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ፣ ይገጥምልሻል። እንሶስላ አለላ አይነክርም ሲሉ ትሰሚ ነበር። ይነክራል። ከዚያው ምንጭ አምጥቼ ነከርኩትና በቀይ አናቱ ላይ ስሜን ሰፋሁበት፤ በአራት ፊደል፣ ዙሪያውን። መምህራችን ፊደልሽ ጠማማ ነው ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ቢያየው ይወደዋል።

ልትፈቺው እንዳትሞክሪ። ፊደሎቹ ከመነሻው ጀምረው አብረው ነው የተሰፉት፤ እነሱ ሲፈቱ ክዳኑም ይፈታል። ሌላ አልልክም። ሙዳይሽን ያለክዳን ልታስቀምጪው ትችያለሽ፣ ወይም ደግሞ ገጥመሽ ከሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ታኖሪዋለሽ። ፊደል የቆጠረ እንግዳ መቼም አይጠፋም። «አስካለ ማናት?» ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ቀና ብላ ስታይሽ፣ ምን እንደመለስሽ ሞላን እጠይቀዋለሁ።

ደህና ሁኚ። ጥርስሽን ፋቂ፤ መፋቂያውን ግን አስቀድመሽ ቅመሺው።

ሌላዋ ነኝ፣
አስካለ