ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ዙር

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፤ እመቤትን አስነስቼ አባዬን ከተማውን አዞረዋለሁ» የምትለው ጋ ስደርስ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደስታ እንዳይመስልህ፣ ደንግጬ ነው። ሳትመጣ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ፊት ለፊት ልንገርህ ብል ወይ አለቅሳለሁ ወይ እጮህብሃለሁ፤ ስለዚህ በወረቀት ይሻላል።

ስትሄድ መኪናህን፣ እመቤትን፣ ለማን ነበር የተውካት? ለአባዬ ትል ይሆናል። አባዬ ግን በማግስቱ ማኖቬላውን፣ ያን ከፊት ተሰክቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ብረት፣ እኔ እጅ ላይ አስቀመጠው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ዙር» አለኝ። «ከዚያ በላይ አትድከሚ። ቆሞ ከከረመ ግን ዝገት ይበላዋል፤ ወንድምሽ ሲመለስ የሞተ ብረት ነው የሚጠብቀው።» አንተ ሁለት ዓመት ብለህ ነበር የሄድከው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አዞርኩ። አሞኛል፣ ደክሞኛል ብዬ ያሳለፍኩት አንድ ቅዳሜ የለም። በአምስተኛው ዓመት አባዬን ግማሽ ጎኑ ሲከዳው አልጋውን ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክፍል ውስጥ አደረግንለት። ከዚያ ወዲህ ባያየኝም ይሰማኛል።

ከዚያ ያ ሥራ መጣ። ይህን ከአባዬ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ የሰው ቤት ፕላን ስገለብጥ ኖሬ፣ ሌላ ከተማ ያለ ድልድይ ሠሪ ድርጅት ነዳፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ በዚያ ላይ በዓመት አንዴ ካንዴላዎቹን፣ እሳት ጫሪዎቹን፣ ፈትቼ በየቀዳዳው ዘይት የማንጠባጥብበት ቅዳሜ። ሦስቱን ካንዴላ መልሼ አሰርኩ። አራተኛውን እንደያዝኩ፣ መቼም ደስታ አያስችልም፣ በግድግዳው በኩል ጮክ ብዬ ለአባዬ ነገርኩት። «እና ሞተሩስ?» አለኝ።

«እኔስ?» አላለም። «ሞተሩስ?» ነው ያለው።

ካንዴላውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ኮፈኑን እንኳ አልዘጋሁትም። ሥራውም ቀረ፣ ሻንጣውም ተመልሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናህን አዙሬያት አላውቅም። ቅዳሜ ሲደርስ ጋራዥ እገባለሁ፣ ማኖቬላውን ከመከላከያው ጋር ሁለቴ አጋጨዋለሁ፣ «ዞረ፣ አባዬ» እላለሁ። «ተባረኪ» ይለኛል። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት። ካንዴላው ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ሲኖር፣ ክፍት የቀረው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ኖረ።

ደብዳቤህ እንደመጣ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን መካኒክ ጠራሁ። ለሁሉም ነገር «ቀስ ነው» ስለሚሉ ሰፈሩ ጋሽ ቀስታ ይላቸዋል። ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ፈትተው አነሱና ወደ ውስጥ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ውስጥ አዩ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ብዙ አልተጎዱም። አራተኛው ውስጥ ግን ፒስተኑ ቀይ ዝገት ለብሶ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል።

«እሱስ ቀስ ብቻ የሚበቃው አይመስለኝም» አሉ።

ናፍታና የሞተር ዘይት ቀላቅለን ሞላንበት። አምስት ቀን ጠበቅን። እንጨት አስደግፈው በመዶሻ መቱት፤ ወይ ፍንክች! በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጣቶቼን አስገብቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አባዬ ሲያስል እኔ ወዲህ ትንፋሼን እውጣለሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በገዛ ቤታችን፣ እንደ ሌባ።

በስምንተኛው ቀን ግድግዳው ተንኳኳ።

«አንቺ! ሰውዬውን መዶሻውን ይተው በይው። ወደ ታች ብቻ እየቀጠቀጠ ሊሰነጥቀው ነው። ነይ ውሰጂኝ!»

በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፍቼ አስገባሁት። የተፈታታውን ሁሉ አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጎማዎቹን ንፉ» አለ። «አራተኛ ማርሽ አስገቡና ግፏት። ስንዝር ወደፊት፣ ስንዝር ወደኋላ። ጎማዎቿ ራሳቸው ያላቅቁታል።»

እኔ ከፊት፣ ጋሽ ቀስታ ከኋላ፣ ስንገፋና ስንገፈተር ዋልን። ሊመሽ ሲል የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ወገቤ መስሎኝ ነበር። ፒስተኑ ጣት የምታህል ወርዷል! ጋሽ ቀስታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ፍጠኚ!» ብለው ጮኹ።

ብቻችንን ስንቀር «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሞተር ሲዞር ይተነፍሳል። ያንቺው ዘጠኝ ዓመት ትንፍሽ አላለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

በደህናው እጁ ጉልበቱን አሻሸ። «ሞተሩ ሞቷል ብልሽ፣ ምን ብዬ እዚህ አስቀርሻለሁ?»

ወንድሜ፣ ተናደድኩ። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ብሰባብር አይቆጨኝም ነበር። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የመጡብኝ። እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ አንድ ግድግዳ ይዘን ስንዋሻሽ ዕድሜዬ አለቀ።

ትናንት ቴስታውን ገጠምነው። ካንዴላውን ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ማኖቬላውን ሰክቼ የእውነት አዞርኩ፤ ሞተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ገና አልተነሳችም፣ የሽቦውና የቤንዚኑ ሥራ ይቀራል። ግን ትዞራለች። አባዬ በግድግዳው በኩል «ተባረኪ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የሚቀጥለውንም ቅዳሜ እንዳትረሺ!»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ለወንድምሽ ሞተሩ ዞሯል ብለሽ ጻፊለት፣ ሌላውን ተይው» ብሎኝ ነበር። ይኸው አልተውኩትም። ስንቴ «በሚቀጥለው ወር» ብለህ እንደቀረህ አንተም እኔም እናውቃለን። አሁንም ከቀረህ፣ ለአባዬ የምነግረው ውሸት አልቆብኛል።

ና። እመቤትን አስነሳት፣ አባዬንም አዙረው። ለእኔ ስጦታ ምናምን ብለህ አትድከም። በር ስከፍትልህ የያዝከውን መሬት አስቀምጥና ሁለቱን እጅህን ዘርጋ፤ ማኖቬላውን የማስረክብህ እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄዋለሁ።

እስክትመጣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ግማሽ ዙር።

እህትህ፣
ከጋራዡ