ሳክስፎኑን ያስቀመጥኩበት ምክንያት

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሳክስፎኔን ያስቀመጥኩት በወይንሸት ሐዘን አይደለም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው። እኔም አንድ ቀን "አይደለም" ብዬ አላውቅም። እውነቱ ይሄ ነው፦ ኖታ ማንበብ አልችልም። ታነብልኝ የነበረችው እሷ ናት።

ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። ወረቀቱን ከሆቴል ይዤላት እመጣለሁ፤ ሽንኩርት እየከተፈች በአፏ ታዜምልኛለች፤ እኔ ከኋላዋ እቀበላለሁ። በማግስቱ መድረክ ላይ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ በቃሌ እነፋለሁ። ገጽም እገልጣለሁ፣ ያለቦታው። ማንም ልብ አላለም። እሷ ስታርፍ፣ ከአርባዋ በኋላ አዲስ ዘፈን ተሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ቤቱ ዝም አለ። በዚያው ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ዛሬ ይሄን ያስጻፈኝ ግርማ ነው። ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ አብረን ያረጀን ድራም መቺ ነው፣ ወንድሜ ነው። ናሆም የሚባል ፒያኒስት የአገሩን ዜማ ከጃዝ ጋር አስማምቶ አልበም እየሠራ ነው። ሁለታችንንም ጎትቶ ያመጣን እሱ ነው። ታቦር ተራራ ላይ የተከራየው ቤት ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጦ ስቱዲዮ ሆኗል። ዛሬ ሊቀርጸን ስልኩን አቆመና "አልበም እንዴት እንደሚሠራ እያንዳንዳችሁ ተናገሩ፣ ከሙዚቃው ጋር እናወጣዋለን" አለ።

ግርማ ምን ቸግሮት! "በካሴት ጊዜ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክ ነበር" አለ። "አንዱ ሲሳሳት ሁላችንም ከመጀመሪያው። ትራምፔት ነፊያችን አስነጥሶት ግማሽ ቀን ተቃጥሏል። ስንጨርስ መብራት ሄደ። እናንተ አሁን የተሳሳተውን በጣት ትሰርዛላችሁ።" ሳቅን። ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ይሄ የምታዩት ሰው ሚስቱ ስትሞት ሳክስፎኑን አብሮ ቀበረው። እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት አለ?"

አጨበጨቡ። ቤዝ የምትጫወተው ልጅ፣ ሩት፣ ዓይኗን ጠረገች። እኔ አቀረቀርኩ። ትሕትና መሰላቸው።

ማርያም ሆይ፣ በዕለትሽ ያጨበጨቡልኝ ለዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ልምምድ ጥሩ ሄደ። እንዴት ሄደ? በድሮው ዘዴ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ቀና ደፋ አድርጌ አየሁት፣ "ናሆም፣ እስቲ በፒያኖ አሰማኝ፣ ስሜቱን ልያዝ" አልኩ። አሰማኝ። ሁለተኛ አስደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ነፋሁት። "ጋሽ ታደለ ወረቀት እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት" አለ ናሆም።

ዘፈኑ የሩት ነው። ሲዳማዎች በዘመን መለወጫቸው፣ በፍቼ፣ አደባባይ ወጥተው ከሚጨፍሩት ከቄጣላው ተነስታ ነው የሠራችው። አልበሙ ላይ የእሷ የሆነ ይሄ አንድ ብቻ ነው። እናቷ ከአለታ ወንዶ ድረስ ስልክ እየደወለች "የኛ ዘፈን ደረሰ ወይ?" ትላለች አሉ። ናሆም ደግሞ አንድ ነገር ወስኗል፦ ለየብቻ አንቀዳም፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ። እንደ ካሴቱ ዘመን። ስለዚህ አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም ይበላሻል።

አንዱ ሙከራ መሃል ላይ አባ ኮዳ የምንላት ትልቋ የሐይቅ ወፍ መጥታ ቆርቆሮው ላይ ዘጭ አለች። ግርማ "ይቺ ደግሞ ከየትኛው ባንድ ናት?" አለ። እንደገና ጀመርን።

ከንፈሬ ደም ቋጥሯል። ግን ድምፄ አለ። አለ! ይሄን ያህል ጊዜ አስቀምጬው አልካደኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ለብቻቸው ያዝኳቸው። ልነግራቸው ነበር። አፌን ሳልከፍት፣ "ልጄ ታደለ፣ ባለቤትህን በጸሎት እንደምታስብ እንዲሁ በሙያህም አክብረሃታል፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉኝ። ግርማ እዚህም ደርሷል ማለት ነው። እሱ እኮ የማይደርስበት የለም።

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ኃጢአት ነው ወይ? ሰው አልሰረቅሁም። ማንንም አልጎዳሁም። እንዲህ እያልኩ እስከ ሐይቁ ድረስ ሄድኩ፣ እንዲህ እያልኩ ተመለስኩ። ማንንም ያልጎዳ ሰው ይሄን ያህል ይከራከራል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ማንንም አልጎዳሁም ብዬ በጻፍኩ በማግስቱ።

ቀረጻ ነበር። ሩት አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በእጇ ነው የምትጽፈው። "ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንሽ ቀይሬያለሁ ጋሽ ታደለ፤ አይተውታል?" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

የቅዳሜውን ነፋሁ። መሃል ላይ ስንደርስ እኔና ቤዙ ተጋጨን፣ እንደ ሁለት ባጃጅ። ናሆም አስቆመ። እንደገና። ተጋጨን። እንደገና። ናሆም ቀስ ብሎ፣ "ጋሽ ታደለ፣ የርስዎ ወረቀት ላይ ምን ይላል?" አለኝ።

"እንደተጻፈው ነው የነፋሁት" አልኩ።

መጥቶ ቢያይ ያልቅ ነበር። አልመጣም። ትልቅ ሰው ፊት የተቀመጠ ወረቀት ማን ደፍሮ ይመረምራል? እንደመጠራጠር ነው። ይልቅ ወደ ሩት ዞረ። ልጅቷ ተደናገጠች። የሳክስፎን ኖታ ከፒያኖው ከፍ ተደርጎ ነው የሚጻፈው፤ "እዚያ ላይ ተምታቶብኝ ይሆናል፤ በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ ጋሽ ታደለ፣ አደከምኩዎት" አለችኝ።

አደከምኩዎት አለችኝ።

"ምንም አይደል ልጄ" አልኳት። ይቅርም አልኳት እኮ! ጌታ ሆይ፣ ላላጠፋችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቀረጻ የለም። ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ፤ ሩት ናት። ሁሉንም ወረቀት እንደ አዲስ ጽፋ፣ እኔ ዘንድ ያመጣችው አብረን መስመር በመስመር እንድናየው ነው። ጣቷ በቀለም ተበክሏል። ተቀመጪ አልኳት። ሻይ አፈላሁ። ሻዩን አስረዘምኩት።

"እንጀምር?" አለች።

"መነጽሬን የት እንዳደረግኩት እንጃ" አልኩ።

እሷም "እሺ፣ ሲገኝ ያዩታል" ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተነሳች። በሩ ላይ ሆና፣ "ናሆም ነገም ካልሆነ ሌላ ዘፈን እናስገባለን ብሏል። ለእናቴ አልነገርኳትም" አለችኝ።

ሸኝቻት ስመለስ መነጽሬ የተዘረጋው ዳዊቴ ላይ ቁጭ ብሏል። እሷ ከተቀመጠችበት ፊት ለፊት። አይታው ይሆን? ካየችው ምን አለች በልቧ? ሽማግሌው እኔን ማገዝ አልፈለገም ነው የምትለው። ሌላ ምን ትበል?

ወረቀቱን አንስቼ እስኪመሽ አየሁት። የኖታው ኳሶች ይወጣሉ ይወርዳሉ። ወይንሸት "እያቸው፣ ደረጃ የሚወጡ ልጆች ናቸው" ትለኝ ነበር። ልታስተምረኝ ስንት ጊዜ ለመነችኝ። "ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ አለሽ አይደል?" እላት ነበር። ፍቅር መስሎኝ። ስንፍናና ኩራት ነበር። ከሕፃናት ጋር እኩል መቀመጥ አፍሬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዛሬም ያው። ዛሬስ ይባስ፤ ከፍርሃት ብዛት የቅዳሜውንም ረሳሁት።

ናሆም ፒያኖውን ከደነ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። "ይሄን ዘፈን እንተወው። ሩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልበሰለም" አለ። ሩት ቤዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን እየታጠበች ነው። ደጋግማ ታጠበች።

ግርማ ትከሻዬን ያዘኝና፣ "አይዞህ ታዴ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ልጆቹ ገና ናቸው፣ ይማራሉ" አለኝ።

ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ነገ መድኃኔዓለም ነው። ነገ ሌላ ዘፈን ለመቅዳት ሁላችንም እንገናኛለን። ሩትም ትመጣለች፣ ለሰው ዘፈን ቤዝ ልትጫወት። ነገ እናገራለሁ። እዚህ ላይ የጻፍኩት እንዳልሸሽ ነው።

ለናሆም ብቻ፣ በጆሮው ልንገረው? አይሆንም። እሷ ያፈረችው በሁሉም ፊት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ባጃጅ ይዤ ወደ ስቱዲዮው ወጣሁ። ባጃጅ ነጂው ሳጥኑን አይቶ "አባቴ፣ ምንድነው የጫንነው?" አለኝ። "ዕዳ" አልኩት። ሳቀ።

ሁሉም ነበሩ። ሳክስፎኑን ገጣጥሜ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ከዚያ የኖታ ማቆሚያውን አንስቼ ጥግ ወስጄ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ።

"ሩት" አልኩ፣ "ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ወረቀትሽ ትክክል ነው፤ ማለት ትክክል ይመስለኛል፣ እኔ አላውቅም። ኖታ ማንበብ አልችልም። ድሮም አልችልም ነበር። ወይንሸት ነበረች እያዜመች የምታስጠናኝ።"

መጀመሪያ የተናገረው ግርማ ነው። "ተው እንጂ ታዴ። ቀልድ አታውቅበትም።"

"ቀልድ አይደለም። ሳክስፎኑንም የተውኩት ለዚህ ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ እኮ ነኝ ለሰው ሁሉ የማወራው! ለቄሱ እንኳ ነግሬያለሁ! ጎኔ ቆመህ፣ ስንት ዓመት..." አልጨረሰውም። ዱላዎቹን ድራሙ ላይ ጥሎ ግቢ ወጣ።

ሩት ቁጭ ባለችበት ሆና ጠየቀችኝ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። "እንደገና ስጽፍ፣ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"መነጽርዎም ዳዊቱ ላይ ነበር።"

"ነበር።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "እሺ" አላለችም። "ምንም አይደል"ም አላለችም፤ እኔ ሰኞ ዕለት በቀላሉ ያልኳትን። ቤዙን አስቀምጣ ፊቴ መጥታ ቆመች። "እንግዲያው ይስሙኝ" አለች።

በአፏ አዜመችልኝ፣ በሲዳምኛ። "ቄጣላ ላይ አንዱ ይጠራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ጥሪው ሳያልቅ የሚገባ የለም። እርስዎ ግን ቤዙ ገና እየጠራ ይገባሉ። የለወጥኩት ያንን ብቻ ነው፤ ትንሽ እንዲጠብቁኝ።"

ትንሽ እንድጠብቃት። ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ስንት ጊዜ አጠገቤ ስትጠራ አልሰማኋትም። ቅዳሜ የያዝኩት እንዳያመልጠኝ ስፈራ እሷን መስማት ተውኩ።

ተቀበልኳት። ተሳሳትኩ። "አይደለም፣ አይቸኩሉ" አለችኝ፣ እንደ አስተማሪ። ደገምኩት። ናሆም ፒያኖውን ከፈተ።

ግርማ ገባ። አላየኝም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ዱላዎቹን አነሳ። "ያለ ድራም ምን ልትሆኑ ነው?" አለ፣ ለግድግዳው።

ቀዳነው። አንድ ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ። እሷ ጠራች፤ እስክትጨርስ ጠበቅኩ፤ ገባሁ። ጥሩ ይሁን አይሁን ነገ ሰምተን እናውቃለን። ናሆም "እናየዋለን" ነው ያለው። ሩት ግን ወደ ግቢው ወጥታ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። ሲዳምኛዬ ደካማ ነው፣ "እማ" የሚለውን ለየሁ። ደርሷል አለቻት ወይስ ገና ነው? አላወቅሁም።

ሊበተኑ ሲሉ ናሆም ስልኩን አውጥቶ ወደኔ ጠጋ አለ። "ጋሽ ታደለ፣ ዓርብ የቀረጽነውን የጋሽ ግርማን ንግግር ላጥፋው? ማንም አያውቅም።"

ግርማ ድራሙን ይሸፍን ነበር፤ እጁ ቆመ።

"አታጥፋው" አልኩ። "ዋሽቶ አይደለም የተናገረው። የኔን ከሥሩ አስገባ።"

ወንበር ጎትቼ ስልኩ ፊት ተቀመጥኩ። መነጽሬን አደረግኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፦

"ታደለ እባላለሁ። ሳክስፎን እነፋለሁ። ኖታ አላነብም። ዕድሜ ልኬን ወይንሸት የምትባል አስተማሪ አነበበችልኝ፤ በዚህ አልበም ደግሞ ሩት የምትባል ልጅ። ሳክስፎኔን አስቀምጬው የነበረው አፍሬ ነው።"