ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በእግር፣ ባና ልመና

ኅዳር 4፣ ማለዳ፣ ደ/ብርሃን መውጫ

ካልሲ በካልሲ ላይ ደረብኩ። ዘነበ አህያዋን እየነዳ ያጉረመርማል። ደብተሬ፣ ይህን መንገድ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ እየነዳሁ ስመላለስበት ረዳቴ እሱ ነበር። ዛሬ እሱ ለአህያዋ፣ አንተ ለኔ።

የምንለምነው ብር አይደለም። ባና ነው፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። መ/ሜዳ ጤ/ጣቢያ ያለው የእናቶች ማቆያ፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት፣ ሌሊቱን በረዶ ነው። ዓምና ልጄ የሺ ብርዱን አልቻለችም፣ ወደ ቤቷ ወደ ዘመሮ ተመለሰች። ምጡ እዚያው ያዛት። ልጁ አልተረፈም። ዘንድሮም ወሯ ገብቷል፣ ወደዚያ ቤት እንዳትጠሩኝ ብላለች። አሙቄ እጠራሻለሁ አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ኅዳር 5፣ ማታ፣ ጣርማ በር

ጉም። አንድም ባና የለም። አህያዋ ባዶዋን ትንጎራደዳለች።

ጥፋቱ የኔው ነው። የሾፌር ችኮላ። በየደጃፉ ቆሜ ባና አላችሁ ወይ እላለሁ። ግቡ ሲሉን ይመሽብናል እላለሁ። እግራችሁን ታጠቡ ሲሉን ጫማ ማውለቅ ጊዜ ይፈጃል እላለሁ። እግዜር ይስጥህ እየተባልኩ አለፍኩ። እንደ ለማኝ! (ለማኝ ነኝ ለካ።)

ያሳደሩን እማማ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ሳፋውን አስቀምጠው ጫማዬን ፈቱት። እምቢ ብል ተቆጡ። «እግሩን ያልታጠበ መንገደኛ እንግዳ አይባልም፤ ላላፊ አግዳሚው ማን ልብሱን አውልቆ ይሰጣል?» አሉኝ። ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። ጨው የገባበት ሙቅ ውሃ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እግሬን ሰው ነክቶት አያውቅም። እንባዬ መጣ፤ ውሃው አቃጠለኝ ብዬ ዋሸሁ።

ኅዳር 6፣ ጠዋት

እማማ አስካለ ሌሊት የለበሱትን ባና አጥፈው አህያዋ ላይ ጫኑት። በምን ሊተኙ ነው ብላቸው የባሌ በርኖስ አለ አሉ። እስከ መታጠፊያው ሸኙን፤ ጎረቤታቸውን ጠርተው አስረከቡን፤ ጎረቤትየው ደግሞ እስከሚቀጥለው ቀበሌ። ሴትዮዋን ወደድኳቸው። ምን ይደበቃል!

ኅዳር 8፣ ከሞላሌ ወዲህ

ልማዱ ገባን። መጀመሪያ መታጠብ፣ ቀጥሎ መብላት፣ ጉዳዩ መጨረሻ። የገባንበት ቤት ሁሉ ሰጠን። ዘነበ እግርህ ከፊትህ ነጣ እያለ ይስቅብኛል። ሁለተኛ አህያ ተዋስን።

ከሰዓት። ጉልበቴ እምቢ አለ። አንድ ሚኒባስ ቆመ፤ ሹፌሩ አወቀኝ፣ ጋሼ ግባ አለኝ። እጄ በሩ ላይ ነበር። ዘነበ ፊቱን አዙሮ አህዮቹን መንዳት ቀጠለ። ምነው በተሳደበ! በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ማታ ለየሺ ባል ደወልኩ። ሆዷ ወርዷል፣ አዋላጇም ቀርቧል ብላለች አለኝ። ከኔ ጋር አታወራም። አሁን እኔ ልሮጥ እፈልጋለሁ፣ አገሩ ሁሉ ሳፋ ይዞ ይጠብቀኛል። እግሬን ታጥቤ ልመርቅ ወይስ ልጄን ልድረስባት? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ኅዳር 9

ለአስተናጋጆቼ ነገርኳቸው፤ ልጄ ደርሳለች፣ ያስቸኩለኛል አልኩ። ማንም አልተቀየመም። ከዚያ ወዲህ ውሃውን መንገድ ዳር ያወጡልን ጀመር፤ ቆሜ አንዱን እግር፣ ቆሜ ሌላውን። ባናውንም ራሳቸው ተሸክመው ይከተሉናል። ገብሱ አጨዳ ላይ እያለ! እንዴት ያለ ሕዝብ ነው።

ኅዳር 11፣ ማታ፣ መ/ሜዳ

ገባን። ከኋላዬ ያለውን ሰው ዞር ብዬ አየሁት። ባና በየትከሻው። ነርሷ ለሁሉም አልጋ አዳረሰች፣ ተረፈም። የእማማ አስካለን ባና በር አጠገብ ላለው አልጋ አልኳት፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው።

ደወልኩ። ዛሬ ስልኩን የሺ ተቀበለችው። እግርህ እንዴት ነው አባዬ አለችኝ። ተላጠ አልኳት። በቃ፣ ዘጋችው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ደወሉ ከተደወለ ቆየ። አልተሳለምኩም፤ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ ነው።

መጣች! ባሏ ደግፎ ከሚኒባስ አወረዳት። እግሯ አብጧል። በር አጠገብ ካለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባናውን በእጇ ዳሰሰችው። አይቼ ልመለስ ነው አለች። ጫማሽን አውልቂ ብላት አላወልቅም፣ አልቆይም አለች። የማን ልጅ ናት!

አልተከራከርኩም። ነርሷን ሳፋ ለመንኳት፣ ውሃ አሞቅኩ፣ ጨው ጨመርኩ። እፊቷ አስቀምጬ እዚሁ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። እንዳላስቸኩላት ብዬ ነው አንተ ላይ የምጽፈው። ሳፋውን ታያለች። እኔን ታያለች። አሁን ጎንበስ አለች፣ የጫማዋን ክር እየፈታች ነው፣ ሆዷ አላደርስ ብሏት፣ ቆይ ደብተሬ፣ ቆይ