ሁሉንም መኪና ያሳለፉት ሁለት የኋላ መብራቶች

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ፋይሎችዎ የተሟላ፣ ወገብዎም ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበርዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። መኪና ለማየት ወደ ግቢው ከወረዱ ብዙ ጊዜ እንደሆነዎ ስለማውቅ፣ ጉንፋን እንኳ አያገኝዎትም ብዬ እጽናናለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በርዎን ስመለከት ኖሬአለሁ። ይህን በአደባባይ የምጽፈውም በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው በዚያው ስለቀሩ ነው።

ጉዳዬ የመስክ መኪናዎች የኋላ መብራትና የሰሌዳ አሰቃቀል ነው። ትንሽ ነገር እንደሚመስልዎ አውቃለሁ። ታናሽ እህቴ ግን በዚህ ትንሽ ነገር ምክንያት ቀኝ እጇን አጥታለች፤ ማለቴ፣ እጇ በቦታው አለ፣ መቀስ ግን አይዝም። ልብስ ሰፊ ናት። በመጪው ሐሙስ ደግሞ ጥፋተኛዋ እሷው መሆኗ በይግባኝ ሊጸናባት ነው፤ የቀረበባት ዋና ማስረጃም እርስዎ የፈረሙበት አንድ ወረቀት ነው። ስለዚህ ውድ ጊዜዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፤ መመሪያዎ የኋላ ሰሌዳ «በተሽከርካሪው ጀርባ መካከል ላይ» ይሁን ይላል። ግሩም መመሪያ ነው። ችግሩ የመስክ መኪና ጀርባው መካከል ላይ ስኮርታ ጎማ አዝሎ የሚዞር መሆኑ ብቻ ነው። ጎረቤቴ የሆነ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አሮጌ የመስክ መኪና አለው። ታርጋውን በግራ በኩል በአራት ብሎን አስሬ፣ ከላዩ ትንሽ አምፖል አድርጌ፣ ከሠላሳ እርምጃ እንዲነበብ አመቻችቼ ወደ እናንተ ላክሁት። መካከል ላይ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ፈትቼ ከስኮርታው ጀርባ ወሸቅሁለት። መርማሪዎ ጎንበስ ብሎ እጁን በጎማውና በበሩ መሐል ሰደደና ዳሰሰ፤ «አለ፤ መካከል ላይ ነው» ብሎም አሳለፈው። በዓይን የሚነበበውን ጥሎ በእጅ የሚዳሰሰውን የሚያሳልፍ መሥሪያ ቤት ስላቆሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እዚያ ጀርባ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ሁሉም ሰው ታርጋውን በሽቦ ነው የሚያስረው። ሽቦውን አይርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፤ ከመለዋወጫ መደብር እየተገዙ ስለሚገጠሙት ጥቁር የኋላ መብራቶች ነው። ፋብሪካው የሠራው መብራት ትልቅ፣ ቀይና ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ዛሬ አይወደድም። በምትኩ እንደ ጣት የቀጠነ፣ ሽፋኑ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ መብራት አለብኝ ለማለት የሚያፍር ነገር ይገጠማል። ጥላ ሥር ቆሞ ሲታይ ያምራል፤ አልክድም። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ፍሬን መያዙን የሚያውቀው የረገጠው ሰው ብቻ ነው። አንዱን ደንበኛ፣ ስትቆም ከኋላህ ያለው ሰው አያውቅም እኮ፣ ስለው «እሱ ይጠንቀቃ!» አለኝ። ያን ጊዜ ስቄአለሁ። አሁን ሳስበው ሳቄ ራሱ ያስጠላኛል።

እርስዎ እነዚህን መብራቶች ከልክለዋል። ክልከላው በርዎ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፤ ማኅተሙም ያምራል። በዚህ ምክንያት ከበርዎ ውጭ አዲስ ሥራ ተፈጥሯል፦ ትክክለኛ የፋብሪካ መብራት ለምርመራ ቀን ብቻ የሚያከራይ ሰው አለ። አንድ ጥንድ መብራት ነው ያለው፤ በሁለት ማቀፊያ ብረት ማንኛውም የመስክ መኪና ላይ ይታሰራል። ጠዋት ይታሰራል፣ ይመረመራል፣ ረፋድ ላይ ይፈታል፣ ለሚቀጥለው ይሰጣል። በሠፈራችን ሙሽሮቹ ይባላሉ፤ በየቀኑ ተወልውለው፣ ታጅበው ስለሚገቡና ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ስለሚያያቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ መኪና ሲያሳልፉ ቆጥሬአለሁ። ዘጠኙም መኪናዎች በወረቀትዎ ላይ የተሟላ የኋላ መብራት አላቸው። ያ አከራይ ምን ዓይነት ሰው ነው ቢሉኝ፣ ከርስዎ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ የሚያንገፈግፈኝ ሰው ነው እላለሁ።

ሦስተኛ፤ መርማሪዎ። እኛ ጋሽ አይቻለሁ እንላቸዋለን፤ ስድብ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። የፍሬን መብራት የሚመረምሩት ከመኪናው ፊት ቆመው ነው። ባለመኪናውን ፍሬን ርገጥ ይሉታል። ቀጥለው «በራ?» ብለው ይጠይቁታል። ባለመኪናው መሪው ላይ ተቀምጦ የገዛ ጀርባውን ማየት ስለማይችል በሙሉ ልብ «በርቷል» ይላል። ጋሽ አይቻለሁም «አይቻለሁ» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ለፋይል የሚሆን ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ይዞራሉ። ከነዚህ ፎቶዎች አንዱን እርስዎ ወደውት አስተልቀው፣ በመጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ «ትክክለኛ የኋላ ገጽታ» ብለው አሰቅለውታል። እባክዎ አንድ ቀን ቀረብ ብለው ይዩት። የቀኙ መብራት ጥግ ላይ በሙጫ የተያያዘ ስንጥቅ አለ። ሙሽሮቹ ናቸው፤ ለሕዝብ አርአያ እንዲሆኑ የተመረጡት እነሱው ናቸው።

አራተኛውን እንደሌሎቹ በቁጥር ጀምሬ ልጨርሰው አልቻልሁም፤ ስለዚህ እንዲሁ ልንገርዎ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምርመራ በሌለበት ቀን፣ እህቴ በሞተር ብስክሌቷ የተሰፋ የትምህርት ቤት ልብስ ጭና ወደ ድንጋይ ማውጫው በሚወስደው የአቧራ መንገድ ትሄድ ነበር። ከፊቷ አንድ የመስክ መኪና አቧራውን እያቦነነ ይሄዳል። ድንጋይ የጫነ መኪና ሊያሳልፍ ድንገት ቆመ። እህቴ ምንም ቀይ ነገር አላየችም። ሄዳ ስኮርታው ላይ ተላተመች፤ የእጅ አንጓዋ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ባለመኪናው በመስታወቱ አየና ሄደ። ታርጋው ከጎማው ጀርባ ስለሆነ ማንም አላነበበውም። በመሐንዲስ ጥበብ፣ በመመሪያ ወይም በሰው ርኅራኄ ሳይሆን፣ በግጭቱ ሽቦው ተበጥሶ ታርጋው መንገድ ላይ ስለወደቀ ብቻ ባለመኪናው ተገኘ። ለመበጠሱ ሽቦውን አመሰግናለሁ፤ ከመኪናው ላይ ሥራውን የሠራው እሱ ብቻ ነው።

የትራፊክ መርማሪው መኪናው በአምስተኛው ቀን ይቅረብ አለ። በዚያ ጠዋት እህቴን ደግፌ የትራፊክ ፖሊሱ ግቢ ስገባ መኪናው ታጥቦ ቆሟል። ጀርባው ላይ ሁለት ትላልቅ ቀይ የፋብሪካ መብራቶች አሉ። የቀኙ ጥግ ላይ የተጣበቀ ስንጥቅ አለ። ስንጥቁን አወቅሁት፤ ያጣበቅሁት እኔ ነኝና። ክቡር ሆይ፣ አከራዩ እኔ ነኝ። በዚያው ዕለት ማለዳ አንድ የማላውቀው ሰው፣ የባለመኪናው የሚስት ወንድም መሆኑ በኋላ ተነገረኝ፣ ሱቄ መጥቶ ሙሽሮቹን ለግማሽ ቀን ጠይቆኝ፣ እኔም እንደ ማንኛውም ጠዋት ወልውዬ፣ መልካም ዕድል ብዬ ሰጥቼዋለሁ። እህቴ እጇ በተሰበረባት ሰዓት መብራቶቹ ከኔ ግድግዳ፣ ከካሌንደሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ ተሰቅለው ነበር። ይህን በዚያ ግቢ ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ዝም አልሁ። ሱቄን ፈራሁ፣ ጎረቤት ፈራሁ፣ የሷን ዓይን ፈራሁ።

የትራፊክ መርማሪው ፍሬን አስረግጦ አየ፤ ደግነቱ እሱ ከኋላ ቆሞ ነው ያየው። በርቷል። ባለመኪናውም ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በፊት የተሰጠውን፣ እርስዎ የፈረሙበትን ወረቀት አወጣ፦ የፍሬን መብራት፣ ይሠራል፤ የሰሌዳ አቀማመጥ፣ ትክክል። እህቴ ርቀቷን ባለመጠበቅ ጥፋተኛ ተባለች፤ መንጃ ፈቃዷንም አስረከበች። ሲወጣ ባለመኪናው «እግዜር ይማርሽ» ብሏታል።

በማግስቱ ድፍረቴን አሰባስቤ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ፋይሉ ላይ ያለው መብራት የመኪናው አለመሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጣም ጨዋ ናት፤ ወንበር ሁሉ ጋብዛኛለች። ፋይሉን ገልጣ አየችና «ወንድሜ፣ ፋይሉ ላይ መብራት አለ። ፋይል ላይ ያለ መብራት ደግሞ አይጠፋም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዴ እናንተ ፋይል ውስጥ የበራ መብራት ነፋስ አያጠፋው፣ አቧራ አይጋርደው፣ ባለቤቱ ፈትቶ ቢወስደው እንኳ እንደበራ ይኖራል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስጠላኝን ልንገርዎ። ወረቀትዎ አይደለም። እህቴ ወረቀትዎን ማመን መጀመሯ ነው። አንድ ምሽት የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አስቀምጣ፣ «በርቶ ይሆናል እኮ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» አለችኝ። በመርፌ ቀዳዳ ክር ያለ መነጽር የምታስገባ ሴት ናት። ከዚያ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት አንዴ ግራ ዓይኗን፣ አንዴ ቀኝ ዓይኗን እየጨፈነች ስታይ አያታለሁ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሻይዋን እያማሰልሁላት፣ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። እርስዎን ተጸይፌ ስጨርስ ሁልጊዜ ወደ ራሴ ነው የምመለሰው፤ እዚያም መጸየፌ የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ ያገኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። እኔ ሐሙስ ይግባኝ ሰሚው ፊት ሁለቱን መብራቶች ይዤ ቀርቤ፣ የኔ ናቸው፣ በሁለቱም ቀን፣ ለእናንተ ምርመራም ለአደጋው ምርመራም፣ ያከራየሁት እኔ ነኝ፣ ብዬ እፈርማለሁ። የሚመጣብኝን እችላለሁ። እርስዎም ያንን የአዳራሽ ፎቶ ከነክፈፉ አውርደው ቢልኩልኝ፣ ስንጥቁን ከስንጥቁ ማስተያየት ይቻላል። መገኘት ካልተመቸዎ ጋሽ አይቻለሁ ይዘውት ይምጡ፤ የማየት ግዴታ የለባቸውም፣ መሸከም ብቻ ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ ከርስዎ በፊት እህቴ አንብባዋለች። አጠገቧ ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ስድቧን፣ እንባዋን፣ ከቤቴ ውጣ ማለቷን ሁሉ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን በግራ እጇ አጠፈችና «እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነዋ» አለች። እስከ ዛሬም ሌላ ምንም አላለችኝም።

ለሰጡን የተሟላ ፋይል፣ በእጅ ለሚዳሰስ ሰሌዳና በወረቀት ላይ ለማይጠፋ ብርሃን ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ፊርማዎ እንዳይነጥፍ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን፣ ሊገለጽ የማይችለውን ስሜት በአክብሮት መልክ አቀርባለሁ።

የበርዎ ፊት ለፊት ጎረቤት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛና የሙሽሮቹ የቀድሞ አከራይ

ግልባጭ፦
ለጋሽ አይቻለሁ፣ ሳያነቡት እንደሚያውቁት በመተማመን
ለጡረተኛው ሾፌር ጎረቤቴ፣ ታርጋውን ወደ ግራ እንድመልስለት ለጠየቀኝ
ለታናሽ እህቴ

ማስታወሻ፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር ትናንት ሱቄ መጥቶ፣ የእርስዎ የመስክ መኪና የዓመቱ ምርመራ ሐሙስ ጠዋት ስለሆነ ሙሽሮቹን እንዳስቀምጥለት በትሕትና ጠይቆኛል። ጨዋ ሰው ስለሆነ እንቢ ማለት ከብዶኝ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን መብራቶቹ ሌላ ቀጠሮ አላቸው። ስለዚህ እስከዚያው መኪናዎ በቆመ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከኋላ ለሚመጣው ሰው እጅዎን አውጥተው እንዲያሳዩ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ፤ የእርስዎ እጅ ደህና ነው።