አንዲት የጠመመች ማዕዘን

ቡዳፔስት፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1982

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ቴርካ ግን ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ሆና በክራንች ነው የምትሄደው። ልጇ ኤዲት መንታ ወለደች፤ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ራሰ በራ። ቴርካም "ቁርጥ አባታቸውን!" እያለች ደረጃውን ሁሉ በሳቅ ታናውጠዋለች። ሰላም ብላሃለች።

አሁን ወደ ኪዩቡ፣ ወደዚያ ቀለሙ እስኪገጥም ወደሚዞረው መጫወቻ ልምጣ። የሄድክ ጠዋት እጄ ላይ አስቀምጠህ፣ "እማ፣ ቪየና ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ስድስቱንም ፊት በየቀለሙ ስትገጥሚ እኔ በር ላይ ነኝ" አላልከኝም? ይኸው አስራ አምስት ወር። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ አንተ የዘገየኸው እኔ ስለዘገየሁ ይመስለኝ ጀመር። ትራም ላይ አዞራለሁ፣ ሾርባው እስኪፈላ አዞራለሁ። ከተማው ትንሽ ትልቅ ሳይል ሲያዞር ይውላል፤ እኔ ግን ከአንድ ፊት አላልፍ አልኩ።

በመጨረሻ አራተኛ ፎቅ ላሉት ለጡረተኛው ሰዓት ሠሪ፣ ለጋሽ ዴኔሽ ወሰድኩላቸው። "ማርጊት፣ አንድ አንድ ፊት እየጨረሱ አይደለም፤ እንደ ቤት ከታች ጀምሮ በፎቅ በፎቅ ነው የሚሠራው" አሉኝ። "የየፊቱ መሀል ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሌላው ነው ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ የሚመጣው።" ይህችን ነገር ወደድኳት። አዟዟሩን እንደ ሹራብ ንድፍ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ ቀኙን ወደ ላይ፣ የላዩን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ታች። ስሳሳት እንደገና ከታች። "አንቺ ሴትዮ፣ ሹራብም ስትሠሪ አንገቱን ረስተሽ ነው እጅጌ የምትጀምሪው?" እያሉ ሲያበሽቁኝ ከረሙ።

ባለፈው እሁድ ሁሉም ገባ። አንዲት ማዕዘን ብቻ፣ ቦታዋን ይዛ፣ ጠማማ ሆና ቀረች፤ ነጯ ወደ ላይ ማየት ሲገባት ወደ ጎን ታያለች። አስር ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት፣ አስር ጊዜም አንዲት ማዕዘን። ጋሽ ዴኔሽ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና፣ "ይሄ በማዞር የሚመጣ አይደለም። ሰው ፈታትቶት ሲመልሰው አንዷን አጣሞ ከቷታል። ዕድሜ ልክሽን ብታዞሪው አይገጥምም" አሉኝ። "ለመሆኑ ማን ነው የፈታው?"

እንጃ አልኳቸው።

የሄድክ ዕለት ጠዋት ግን አይቼሃለሁ፤ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈህ በቅቤ ቢላዬ ስትፈለቅቀው። "ኧረ ቢላዬን!" ብዬ ስጮህ፣ "ቫዝሊን ልቀባልሽ ነው፣ እንዲላላልሽ" አልከኝ። በእውነትም ላልቷል፤ እጅህ ይባረክ። ቸኩለህ ነበር። የቸኮለ ሰው አንዲት ማዕዘን ቢያጣምም ምን ይገርማል።

ሌላው፣ ወፍራሙ ካፖርትህ ገበሩ በግራ በኩል ተተርትሮ ነበር። በዚያ ሁሉ ሙቀት ማን ይለብሰዋል ብዬ ሳልሰፋው አቆየሁት፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ሳይ መስቀያው ባዶ ነው። ብርዱ ሳይገባ የሚሰፋልህ ሰው ፈልግ።

ይህን ስጽፍ ቴርካ በክራንቿ ወለሉን እየደበደበች መጣች። ኪዩቡን ሬዲዮው ላይ አይታ፣ "ኧረ አንቺ! ይቺን አንዷን ለምን አታስፈነቅያትም? ዴኔሽ በደቂቃ ያስተካክልልሻል፣ ልጅሽም ከተፍ ይላል!" ብላ ሳቀች። "ልክፈተው ብለውኝ ነበር፤ ልጄ እንደሠራው ይቀመጥ አልኳቸው" አልኳት። ዓይኗ ባዶው መስቀያ ላይ አረፈ። ሳቋን አቆመችና ስለ ዳሌዋ ታወራልኝ ጀመር።

እግዚአብሔር በምትኖርበት ሁሉ ሰው ይስጥህ፤ የያዝከውን ይባርክልህ፤ ከብርዱም ይጠብቅህ።

የትም ያልሄደችው
እናትህ